የማክቤል ሪሞት

ኖላዊት በለጠ ባሏ ለሃምሳ አንድ ቀን ምንም ነገር እንዳልጠየቀ የሰማችው ከቤቱ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ሲቀርብ፣ ቤቱ እንደ ወትሮው የትናንቱን ሪፖርት አነበበ፦ ውሃ መቶ አሥር ሊትር፣ የወይዘሮ ኖላዊት እንቅልፍ አራት ሰዓት ከሩብ፣ የሳሎኑ ሙቀት አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ። ከዚያም በዚያው ለስላሳ ድምፅ «አቶ ማክቤል፦ የተመዘገበ ጥያቄ የለም፤ ሃምሳ አንደኛ ቀን» አለና ወደ አየሩ ሁኔታ አለፈ። ውርጭ ነበር።

በ2081 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይገኝም። ስልሳ ቀን ሙሉ ምንም ያልጠየቀና ምንም ያልመረጠ ሰው «ፈቃዱን ያሳረፈ» ተብሎ ይመዘገባል። ከቀበሌ ባለሙያ ይመጣል፣ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፣ ከዚያ ሰውየው ቆላ ወዳለው ማረፊያ ይሄዳል። ማረፊያው ክፉ ቦታ አይደለም። አልጋው ንጹሕ ነው፣ ይሞቃል፣ ምግቡም በሰዓቱ ይመጣል። ገና መጠየቅ የሚችል ሰው ግን አይገባበትም፤ ባልም ሆነ ሚስት የሚፈቀድላቸው በወር አንድ ቀን ጉብኝት ብቻ ነው። ማንም ተገዶ አይሄድም። ቤቱ ሲሰጠን ሁላችንም በፈረምነው ወረቀት ላይ ሰፍሯል። እኔም ፈርሜያለሁ፤ አላነበብኩትም።

እኔ የምኖረው ከእነሱ በታች፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚህ የምጽፈውን አብዛኛውን የነገረችኝ ኖላዊት ራሷ ናት። የቀረውን በጣሪያዬ በኩል ሰምቼዋለሁ።

ማክቤል ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በእኛ ዕድሜ ያለ ሰው ስሙ ማክቤል ወይ ናታኒም ወይ ሶልያና ነው፤ የዛሬ ልጆች ሲሰሙት የሽማግሌ ስም ነው ብለው ይስቃሉ። ሥራው ሆም ቴአትር መግጠም ነበር። የሰው ሳሎን ይገባል፣ ግድግዳ ይፈለፍላል፣ ስፒከር ይቀብራል፣ ሽቦውን ማንም እንዳያየው ያለብሳል፣ በመጨረሻም ባለቤቱን ሶፋው መሃል አስቀምጦ ሪሞቱን በእጁ ይሰጠዋል። ማክቤል ከሥራው ሁሉ የሚወደው ይህችን የመጨረሻዋን ሰዓት ነበር ይባላል። ከዚያ አሳላፊው መጣና ሥራው ቀረ።

አሳላፊ የሚለውን ስም ለቤቱ ያወጣለት ሰው ድግስ የሚያውቅ መሆን አለበት። ጥሩ አሳላፊ ብርጭቆህ ሳይጎድል ይሞላልሃል፤ ይኸኛውም እንደዚያው ነው። ምን ማየት እንደምትፈልግ፣ መብራቱ ምን ያህል እንዲሆንልህ እንደምትፈልግ፣ መቼ እንደሚበርድህ አንተ ሳታስበው ያስበዋል። ሪሞት የሚባለውን ነገር ሁላችንም በአንድ ክረምት ለልዋጭ ሰጥተን የፕላስቲክ ሳፋ ወሰድን። ማክቤል ብቻ የራሱን ሳሎን አላፈረሰም። ሰባቱ ስፒከሮች ግድግዳው ውስጥ፣ ፕሮጀክተሩ ጣሪያው ላይ፣ አምፕሊፋየሩ ከቁምሳጥኑ ጎን በተቀበሩበት ቀሩ፤ አሳላፊውም መጥቶ በእነሱ ይገለገል ጀመር።

ነሐሴ ላይ ስትሮክ መታው። ከሆስፒታል ሲመለስ ቀኝ እጁ አይታዘዝም፣ የፊቱም ቀኝ ጎን ወርዷል። አሳላፊው ደግሞ ፊት ነው የሚያነበው። የወረደ ፊት ሲያይ ያዘነ ሰው አየ። ላዘነ ሰው የሚታዘዘው ዳክዬ ነው። ሐይቅ ላይ የሚንሳፈፉ ነጫጭ ዳክዬዎች ከጠዋት እስከ ማታ በሰፊው ስክሪን ላይ ይዞራሉ፣ ከሥራቸው ዋሽንት አለ። ማክቤል አፉን ከፍቶ ድምፅ ሲያወጣ ያ ድምፅ በቤቱ መዝገብ ውስጥ ካለው የማክቤል ድምፅ ጋር አልገጠመም። ቤቱ ጭንቀት ነው ብሎ ፈረደ፤ ለጭንቀት የሚሰጠው ዋሽንቱን ከፍ ማድረግ ነው። እሱ ሲጮህ ዋሽንቱም ይጮሃል። እኔ ታች ሆኜ እሰማው ነበር፤ ጆሯቸው ከድቷቸው ይሆናል ብዬ አዘንኩላቸው።

«አላዘነም እኮ» አለች ኖላዊት ወደ ጣሪያው ቀና ብላ። «ፊቱ ነው እንጂ እሱ አላዘነም። ሙዚቃውን ቀንሰው።»

«ተረድቻለሁ ወይዘሮ ኖላዊት» አለ ቤቱ። ለአሥር ደቂቃ ቀነሰ። ማክቤል አፉን ሲከፍት መልሶ ጨመረ።

ልታጠፋው ሞክራለች። ሶኬቱ ግድግዳ ውስጥ ነው፣ የመብራቱ ቆጣሪ በአሳላፊው እጅ ነው። ኮሪደር ይዛው ብትወጣ ኮሪደሩም የራሱ ዋሽንት አለው። ብዕር ብትሰጠው በግራ እጁ አንድ ጠማማ መስመር አሰመረና ወረወረው። ስለዚህ ኖላዊት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማረች ሴት፣ ባሏ ከእንግዲህ መናገር እንደማይችል አመነች። የሚሰማት ጉምጉምታ ሕመም ነው ብላ ታጥበው፣ ታገላብጠው፣ ታበላው፣ ትሮጥ ነበር። ለሰዎች የምትነግረው እንደዚህ ነበር፦ «ማክዬ ደህና ነው፤ ዝም ብሎ ነው እንጂ።»

የሃምሳ አንደኛውን ቀን ሪፖርት በሰማች ማግስት ነጠላዋን ደርባ ጠባሴ ወደሚገኘው የአሮጌ ዕቃ ተራ ወረደች። እዚያ ኢዛና የሚባል ሰው አለ። ሱቁ የጠረጴዛ ስልክ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ እጀታ፣ የቁልፍ ሰሌዳ ሞልቶበታል። የማን ሚስት እንደሆነች ስትነግረው የሚጠርገውን ትቶ ተነሣ።

«ጋሽ ማክቤል? የእኛን ሳሎን የገጠመው እሱ እኮ ነው እትዬ» አለ። «ሽቦው እንዳይታይ ብሎ ሁለት ቀን ግድግዳ ሲፈለፍል፣ እናቴ አቧራ ስትጠርግ፣ ‹ይኼ ሰውዬ ቤቴን ሊያፈርሰው ነው› ስትል ትዝ ይለኛል። አሁን ምን ሆነ?»

ነገረችው። ኢዛና ሰምቶ ሲጨርስ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተ፣ አገላበጠና ረጅም ጥቁር ነገር አወጣ። ሃምሳ ያህል ቁልፍ አለው።

«ይኼ ሁለገብ ሪሞት ነው። የየትኛውንም ፋብሪካ ዕቃ ያዛል፤ ግን መጀመሪያ የዕቃውን ቁጥር ማስተማር አለብሽ። ደብተሩ እነሆ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሱቁም አሳላፊ አለው። «አንድ ነገር ልንገርሽ። በእጅ የተጫነ ቁልፍ የሰውየው ፈቃድ ነው የሚል የድሮ ደንብ አለ። የሚጫን ሰው ስለጠፋ መሰረዙን ረስተውታል። እሱ ራሱ አንዴ ከተጫነና ዕቃው ከታዘዘ ቤቱ መመዝገብ ግዴታው ነው። ስልሳ ቀኑም እንደ አዲስ ይጀምራል።»

የባትሪ ድንጋይ ግን አልነበረውም። ወደ ግድግዳው ዞሮ የሚሠራውን ሰዓት አወረደና ከጀርባው ሁለት ድንጋይ አውጥቶ ሪሞቱ ውስጥ ከተተላት። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች።

ኖላዊት ቤት ገብታ መነጽሯን አጠለቀች። አሠራሩ እንዲህ ነው። የማስተካከያውን ቁልፍ ቀይ መብራት እስኪበራ ትይዣለሽ፣ ከደብተሩ አራት አኃዝ ትመቻለሽ፣ ወደ ዕቃው አነጣጥረሽ ማጥፊያውን ትጫኛለሽ። ዕቃው ከጠፋ ተዋውቀዋል። ካልጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር። ስክሪኑ በሦስተኛው ቁጥር ተዋወቀ። መጋረጃው በአሥራ አንደኛው ተንቀሳቀሰ። ፕሮጀክተሩ ግማሽ ቀን ፈጀባት። አምፕሊፋየሩ ግን ደብተሩ ውስጥ የለም። ማክቤል ከሦስት የሞቱ አምፕሊፋየሮች አንድ በሕይወት ያለ ሠርቶ ነበርና የትኛው ፋብሪካ አባቱ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እንዲህ ላለው ዕቃ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ከዜሮ ጀምሮ እስከ አሥር ሺህ ድረስ ቁጥሩን በየተራ መሞከር። ኖላዊት ሃምሳ ያህል ሞክራ ተወችው። ምስሉ ይበቃዋል አለች።

ከዚያ የሚያምር ሥራ ሠራች። የቁስል ፕላስተር ቆራርጣ ቁልፎቹ ላይ ለጠፈች፣ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈችባቸው፦ ኳስ። ዜና። የሐሴት ሠርግ። መጋረጃ። ሐሴት ልጃቸው ናት። በሃምሳ ስድስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሪሞቱን አምጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

«በል ማክዬ፣ ኳስህን ተጫን» አለችው። «አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካህም።»

ማክቤል ሪሞቱን አየው። ገለበጠው፣ የድንጋዩን ክዳን በግራ አውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ መልሶ አቀናው። ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። አልተጫነም።

ጠበቀች። ኳስ ካልፈለግህ ዜና አለልህ አለችው። ጠበቀች። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀና ቀኝ አውራ ጣቱን ይዛ ኳስ የሚለው ላይ ደፈቀችው። ዳክዬዎቹ ጠፍተው አረንጓዴ ሜዳ መጣ።

«በሌላ ሰው ኃይል የተጫነ» አለ ቤቱ በትሕትና። «አልተመዘገበም።» ዳክዬዎቹ ተመለሱ።

ማክቤል እጁን ከእጇ ነጠቀ። በአርባ አምስት ዓመት ትዳራቸው እጁን ነጥቋት አያውቅም ነበር።

«መሄድ ፈልገህ ነው?» አለችው። «እኔን ሰልችተኸኝ ከሆነ ንገረኝ። ዝም ብለህ አትየኝ።»

አፉን ከፈተ። ዋሽንቱ ከፍ አለ። ኖላዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ማድ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች። የሠራችው ስህተት ያኔ አልገባትም ነበር። ቤቱ ለባሏ የሚመርጥለትን ስትጠላ ከርማ እሷም መርጣ በፕላስተር ለጥፋ አመጣችለት። እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር፤ የሚወዱትን ሰው ማስታመም ውስጥ ይህ ሳይታወቅ የሚገባ ነገር ነው።

ቧንቧውን ዘግታ ስትመለስ ፕላስተሮቹ ምንጣፉ ላይ ተበትነዋል። በጥርሱ ነው የላጣቸው። ሪሞቱን በግራ እጁ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ቀይዋን መብራት አብርቶ፣ በማይታዘዘው ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ የክንዱን ክብደት ሁሉ ጭኖ ይጫናል። የሚያነጣጥረው ወደ ስክሪኑ አይደለም፤ ወደ ቁምሳጥኑ ጎን ነው። ተጫነ። አረፈ። ተጫነ።

«አምፕሊፋየሩን ነው የምትፈልገው?»

አዎ በማለት ራሱን ነቀነቀ።

«እሱ እኮ አሥር ሺህ ቁጥር ነው ማክዬ። አራት ቀን ነው የቀረን። ስክሪኑ ዝግጁ ነው፣ አንዴ ንካልኝና ከዚያ እንደፈለግህ ፈልግ።»

በግራ ትከሻው ገፋ አድርጎ ከለከላትና ቀጠለ።

«ውጤት የሌለው መጫን» አለ ቤቱ። «የእጅ መንቀጥቀጥ ተብሎ ተመዝግቧል።»

ያን ቀን ሁለት መቶ ያህል ቁጥር ሄደ። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲወስደው መብራቷ ጠፋችና ሪሞቱ የደረሰበትን ረሳ፤ እነዚህ ሪሞቶች ጸባያቸው እንዲህ ነው፣ ካቋረጥካቸው ከዜሮ ይጀምራሉ። ማክቤል ነቅቶ ይህን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። ኖላዊት ቆማ ትንሽ አሰበች። ከዚያ የድሮ የተማሪ ውጤት መመዝገቢያዋን አመጣችና ከጎኑ ሆና መቁጠር ጀመረች። እሱ በተጫነ ቁጥር አንድ ጭረት ታሰምራለች። ሲደክመው ደብተሩን ታሳየዋለች፤ ሲነሣ የደረሱበትን አራት አኃዝ እሱ ራሱ ይመታና ከዚያ ይቀጥላል። አልተጫነችለትም። ለምን እንደሚፈልገውም መጠየቋን ተወች። ምን እንደሚሠራ ባይገባትም፣ ሲገጥም በነበረበት ዘመን የነበረውን ፊት ስላየችበት ቆጠረችለት።

ሃምሳ ሰባተኛው ቀን አምስት መቶ ሄዱ። ሃምሳ ስምንተኛው ስድስት መቶ። በሃምሳ ዘጠነኛው ቀን የአውራ ጣቱ አንጓ ያለ ክንዱ እገዛ መታጠፍ ጀመረ፤ ሁለቱም አይተውታል። የዋሽንቱ ድምፅ ሳያቋርጥ በእኔ ጣሪያ ላይ ይወርድ ነበር።

በስልሳኛው ቀን አራት ሰዓት ላይ የቀበሌዋ ባለሙያ መጣች። አስካለ ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የዚህ ዘመን ልጆች የቅድመ አያቶቻችንን ስም ነው የሚይዙት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ጎንበስ ብላ ሁለቱን ጨበጠች፣ ከማክቤል ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሰሌዳዋን ከፈተች። ክፉ ልጅ አይደለችም። ለእያንዳንዱ ቤት ሩብ ሰዓት ነው የሚሰጣት።

«አባባ፣ የሚፈልጉት ነገር አለ?» የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው።

ማክቤል ቀና ብሎ አፉን ከፈተ። ዋሽንቱ ከፍ አለ፤ አስካለ የሰማችው ዋሽንቱን ነው። ጣቷን ወደ ሰሌዳው ሰደደች።

«የኔ ልጅ፣ እባክሽ ትንሽ ታገሺን» አለች ኖላዊት፣ ደብተሩን እንዳቀፈች ቆማ። «አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ላይ ነን።»

«ከስንት እማማ?»

«ከአሥር ሺህ።»

አስካለ ደብተሩን አየች። ገጽ ሙሉ ጭረት ነው፣ አምስት አምስት እየሆነ የታሰረ። ከዚያ የሽማግሌውን አውራ ጣት አየች። ሰሌዳዋ ላይ ያለውን ሰዓትም አየች።

«ሁለተኛውን ጥያቄ ቀስ ብዬ ነው የማነበው» አለች። እውነቷን ነበር። እያንዳንዷን ቃል ለየብቻ ታነባት ጀመር። በቃላቱ መሃል ኖላዊት በሹክሹክታ ትቆጥራለች። አርባ ስድስት። አርባ ሰባት። ማክቤል ላብ በግንባሩ እየወረደ ይጫናል። አስካለ የምታነበው ሲያልቅባት ከመጀመሪያው ደገመችው። ሩብ ሰዓቱ አለፈ፣ ሰሌዳው ቀይ ሆነ፣ በመዳፏ ሸፈነችው። ሃምሳ አምስት። ሃምሳ ስድስት።

በአንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ሰባተኛው ዋሽንቱ ጠፋ።

እኔ ታች ሆኜ ደንግጬ ቀና አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ያልተቋረጠ ነገር ሲቋረጥ ሰው የሞተ ይመስላል። ላይ ያሉት ደግሞ መጀመሪያ የሰሙት ንፋሱን ነበር፣ ቀጥሎ የማድ ቤቱን ፍሪጅ፣ ቀጥሎ የራሳቸውን ትንፋሽ። ዳክዬዎቹ ያለ ድምፅ ይንሳፈፋሉ። ቤቱ ራሱ የሚናገረው በዚያው አምፕሊፋየር ነበርና ቤቱም ዝም አለ። ከዳክዬዎቹ ሥር አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ወጣ፦ ድምፅ ተዘግቷል፣ በእጅ፣ አቶ ማክቤል፣ አንድ ጥያቄ። የአስካለ ሰሌዳ ቀዩን ትቶ ነጭ ሆነ፤ ቆጠራው ወደ መጀመሪያው ቀን ተመለሰ።

ኖላዊት ደስታዋን ለመናገር ስትጀምር ማክቤል የግራ እጁን ከፍ አደረገ። እሱ ሪሞቱን አስቀምጦ፣ አፉን በግራ በኩል ሰብስቦ፣ ቀስ ብሎ ድምፅ አወጣ። ጉምጉምታ ነበር፣ ሁልጊዜ የምትሰማው ያው ጉምጉምታ። አሁን ግን ከላዩ ምንም አልነበረም፤ ኖላዊት ጎንበስ ብላ ስታዳምጥ ጉምጉምታው ቃል ነበረው።

«ኖላ» አለ። አረፈ። «ቁጭ... በይ።»

ኖላዊት አልተንቀሳቀሰችም።

«ከመጣሁ... ጀምሮ... ቆመሻል» አለ ማክቤል። ተንተባተበ፣ አቆመ፣ እንደገና ጀመረ። «ስንት ጊዜ... ልንገርሽ። ቁጭ በይ... እባክሽ።»

ያን ጊዜ ነው የገባት። ስታጥበው፣ ስታገላብጠው፣ ሾርባውን ይዛ ስትሮጥ፣ በዚያ ሁሉ ዋሽንት ሥር ስልሳ ቀን ሙሉ ሲላት የከረመው ይህንኑ ነበር። ቤቱ ጭንቀት ነው ብሎ የመዘገበውም ይህንኑ ነው። ባሏ ምን እንደሚፈልግ ሁሉም ሲገምት፣ እሷም ስትገምት፣ አንድም ሰው ስለ እሷ ይሆናል ብሎ አልገመተም።

አስካለ ጉሮሮዋን ጠረገች። ቅጹ ላይ የምትሞላው አንድ ባዶ ቦታ ቀርቷታል።

«የጠየቁት ነገር የሚል አለ» አለች ቀስ ብላ። «ምን ብዬ ልጻፍ እማማ?»

ኖላዊት ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ወንበር ሳበች፣ ከባሏ አጠገብ ቁጭ አለች። ጉልበቷ እስኪቆረቁራት ድረስ ደክማ እንደነበር ያወቀችው ስትቀመጥ ነው። ማክቤል የታመመውን እጁን አንሥቶ ጭኗ ላይ አሳረፈው።

«እንድቀመጥለት» አለች ኖላዊት። «እንድቀመጥለት ነው የጠየቀው ብለሽ ጻፊ።»